ቅርጹን የሚቀይር ክንፍ እና ኮምፖዚት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከቀላሉ ጀምረን ወደ ከባዱ እንሄዳለን፤ ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ቅርጹን የሚቀይር አውሮፕላን ሲባል ምን ማለት ነው? ፍላፕ ያለው ሁሉ ቅርጹን ይቀይር የለም እንዴ?

ይቀይራል። ማንኛውም የመንገደኛ አውሮፕላን ሲነሳና ሲያርፍ ከክንፉ ፊት ስላት፣ ከኋላ ደግሞ ፍላፕ ያወጣል። እነዚህ ግን ግትር ቁርጥራጮች ናቸው። በማጠፊያና በሐዲድ ላይ ይንቀሳቀሳሉ፣ ሲወጡም ክፍተትና ደረጃ ይፈጥራሉ።

በዘርፉ ቅርጽ ቀያሪ የሚባለው መዋቅር ከዚህ ይለያል። ክንፉ ወይም የክንፉ ጠርዝ ራሱ ሳይቆራረጥ ይታጠፋል፣ ይጠማዘዛል ወይም ይለጠጣል። ላዩ ለስላሳና የተያያዘ ሆኖ ይቆያል። አብዛኛው ሥራ የሚያተኩረው ሙሉ ክንፉ ላይ ሳይሆን የፊትና የኋላ ጠርዙ ላይ ነው። ዋናውን ሸክም የሚሸከመው መካከለኛው ሳጥን እንዳለ ይቀራል። ፊልም ላይ እንደምናየው አውሮፕላኑ አየር ላይ ሌላ ፍጥረት ሆኖ ብቅ አይልም።

አሁን ያለው ክንፍ ምን ጎደለው?

ክንፍ የድርድር ውጤት ነው። ሲነሳና ሲያርፍ ፍጥነቱ ዝቅተኛ ስለሆነ ጎበጥ ያለ፣ ብዙ የማንሳት አቅም ያለው ቅርጽ ይፈልጋል። ከፍታ ይዞ በፍጥነት ሲጓዝ ደግሞ ያ ጉብታ ትርፍ ሸክም ይሆናል፤ አየሩ ወደ ኋላ የሚጎትተውን ኃይል ያበዛል። በዚያ ላይ ረጅም በረራ ላይ አውሮፕላኑ ነዳጁን እያቃጠለ ይቀላል። ሲነሳ የነበረው ክብደትና ከሰዓታት በኋላ ያለው ክብደት አንድ አይደለም። ክንፉ ግን ያው ነው። ዲዛይነሩ አንድ ዋና የበረራ ሁኔታ ይመርጥና ክንፉን ለእሱ ያስተካክላል፤ ከዚያ ሁኔታ በራቀ ቁጥር ትንሽ ትንሽ ይከስራል።

ሁለተኛው ችግር ክፍተቱ ነው። ስላት ሲወጣ በመሃል የሚያልፈው አየር ለማንሳት ይጠቅማል፤ ጫጫታውም ያንኑ ያህል ነው። አውሮፕላን ለማረፍ ሲቃረብ ከምንሰማው ድምፅ ብዙው ከሞተሩ ሳይሆን ከስላት፣ ከፍላፕና ከጎማው የሚመጣ ነው። ስላቱ ገብቶ ሲዘጋ እንኳ መገጣጠሚያው ላይ የምትቀረው ትንሽ ደረጃ በክንፉ ላይ ረጋ ብሎ የሚፈሰውን አየር ታውከዋለች። ለስላሳ የሚታጠፍ ጠርዝ ሁለቱንም ይቀንሳል።

ሀሳቡ አዲስ ነው?

እንዲያውም ከአውሮፕላን ጋር እኩያ ነው። የራይት ወንድማማቾች በ1903 ያበረሩት አውሮፕላን ኤይለሮን፣ ማለትም አውሮፕላኑን ወደ ጎን የሚያዘነብል በማጠፊያ የተያያዘ የክንፍ ጠርዝ ቁራጭ፣ አልነበረውም። አብራሪው በሆዱ ተኝቶ ወገቡን ወደ ጎን ሲያንቀሳቅስ በሽቦ የተሳሰሩት የእንጨትና የጨርቅ ክንፎች ይጠማዘዙ ነበር። አውሮፕላኖች ሲፈጥኑና ሲከብዱ እንዲህ ያለ ልፍስፍስ ክንፍ አደጋ ሆነ። ክንፉ ግትር ሆነ፣ መቆጣጠሩም በማጠፊያ ላይ ለተተከሉ ቁርጥራጮች ተተወ።

ከዚያ በኋላ የመጡት በአብዛኛው የብረት መፍትሔዎች ናቸው። ኤፍ-14 ተዋጊ ጄት ክንፉን ከ20 እስከ 68 ዲግሪ ወደ ኋላ ያጥፍ ነበር። ግሩም ማሽን ነው፤ ግን ያ ሁሉ የሚሆነው በግዙፍና ከባድ የብረት ማዞሪያ ነው። ከ1985 እስከ 1988 ደግሞ ናሳና የአሜሪካ አየር ኃይል በአንድ ኤፍ-111 ላይ የፊትና የኋላ ጠርዙ ያለ ክፍተት የሚጎብጥ ክንፍ ሞከሩ። ላዩ ተጣጣፊ ኮምፖዚት (በክር የተጠናከረ ሙጫ) ነበር፤ ከሥሩ ግን በሃይድሮሊክ፣ ማለትም በፈሳሽ ግፊት፣ የሚነዱ ብዙ ክንዶችና መገጣጠሚያዎች ተደርድረዋል። የአየር ባህርዩ ጥሩ ሆኖ ተገኘ። የውስጡ ማሽን ክብደትና ውስብስብነት ግን ወደ ምርት አላሻገረውም። ይህ ታሪክ በዘርፉ ደጋግሞ ይመጣል።

በፋይበር የተጠናከረ ኮምፖዚት ምንድን ነው?

የሁለት ነገሮች ጋብቻ ነው። አንደኛው ቀጭን፣ ጠንካራ ክር ነው፦ ካርቦን፣ መስታወት ወይም አራሚድ የተባለው ሰው ሠራሽ ክር። ሁለተኛው ክሮቹን አንድ ላይ የሚይዝ ሙጫ ነው፤ በአቪዬሽን ብዙ ጊዜ ኢፖክሲ ነው። ክሩ ሸክሙን ይሸከማል። ሙጫው ክሮቹን በቦታቸው ይይዛል፣ ሸክሙን ከአንዱ ወደ ሌላው ያስተላልፋል፣ ከእርጥበትና ከጭረትም ይጠብቃል።

ሥራው በንጣፍ ነው። ክሮች በአንድ አቅጣጫ የተደረደሩባቸው ስስ ንጣፎች አንዱ በአንዱ ላይ ይነባበራሉ፣ ከዚያ በሙቀትና በግፊት ይበስላሉ። እያንዳንዱ ንጣፍ በየትኛው ማዕዘን እንደሚቀመጥ የሚወስነው ዲዛይነሩ ነው። ይህ ውሳኔ ለቀረው ታሪክ ሁሉ ቁልፍ ነው።

ካርቦን ፋይበር ግትር ነው ይባላል። ግትር ነገር እንዴት ይታጠፋል?

ጥያቄው ትክክል ነው። የተለመደ የካርቦን ክር ግትርነቱ በጊጋፓስካል (የግትርነት መለኪያ) 230 አካባቢ ነው፤ አሉሚኒየም 70 ገደማ ነው። ታዲያ እንዴት?

አንዱ መልስ ስስነት ነው። ሰሌዳ ሲታጠፍ ውጫዊ ገጹ ይለጠጣል፣ ውስጣዊው ይጨመቃል። የመለጠጡ መጠን በውፍረቱ ይወሰናል። 1 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ሰሌዳ 100 ሚሊሜትር ራዲየስ ባለው ቅስት ላይ ቢታጠፍ ገጹ የሚለጠጠው 0.5 በመቶ ብቻ ነው። ውፍረቱን በግማሽ ብትቀንሰው መለጠጡም በግማሽ ይቀንሳል። ለማጠፍ የሚያስፈልገው ኃይል ደግሞ ወደ አንድ ስምንተኛ ይወርዳል፤ ምክንያቱም የመታጠፍ ግትርነት ከውፍረቱ ኩብ ጋር ነው የሚሄደው።

ሌላው መልስ አቅጣጫ ነው። አንድ አቅጣጫ ያለው የካርቦን ንጣፍ በክሩ መንገድ 130 ጊጋፓስካል ገደማ ግትርነት አለው፤ ወደ ጎን ግን 10 እንኳ አይሞላም። እንጨት በዘሩ መንገድ ሲፈለጥና በተቃራኒው ሲቆረጥ ያለውን ልዩነት የሚያውቅ ሰው ይህ አይገርመውም። እዚህ ግን ዘሩን የሚያስቀምጠው መሐንዲሱ ነው። ክንፉ ከሥር እስከ ጫፍ ሸክም እንዲችል ክሩን በርዝመቱ ይዘረጋል፤ ከፊት ወደ ኋላ እንዲታጠፍ ደግሞ በዚያ አቅጣጫ ክር ይቀንሳል። እዚህ ግትር፣ እዚያ ልስልስ።

ካርቦን ይሻላል ወይስ መስታወት?

ብዙ ሰው ካርቦን ካልሆነ የሚል ይመስለኛል፤ ዝና ስላለው። ለሚታጠፍ ክፍል ግን የመስታወት ፋይበር ብዙ ጊዜ ያሸንፋል። የተለመደ የካርቦን ክር 1.5 በመቶ ገደማ ሲለጠጥ ይበጠሳል። የመስታወት ክር ከ4 በመቶ በላይ ይችላል። ግትርነቱም 72 ጊጋፓስካል ገደማ ስለሆነ ለማጠፍ የሚያስፈልገው ኃይል ያንሳል።

ስለዚህ በብዙ ሙከራዎች የሚታጠፈው የጠርዝ ሽፋን መስታወት፣ የማይታጠፈው አጥንት ካርቦን ሆኖ ታገኙታላችሁ። ሁለቱን አንድ ላይ ማብሰልም ይቻላል።

አሉሚኒየም ለምን አይሆንም? እሱም ይታጠፋል።

ይታጠፋል፤ ግን በሁሉም አቅጣጫ አንድ ዓይነት ነው። ወደ አንድ ወገን ልስልስ፣ ወደ ሌላው ግትር ላድርገው ብትል ቅርጹን መቅረጽና መቦርቦር ይጠበቅብሃል። ትንሽ ከበዛበት ደግሞ ተጣሞ ይቀራል። በተደጋጋሚ ሲታጠፍም ስንጥቅ ይጀምራል፣ ስንጥቁም ያድጋል።

ኮምፖዚት ከገደቡ በታች እስካለ ድረስ ወደ ነበረበት ይመለሳል። ክብደቱም ይቀላል፦ የካርቦን ኮምፖዚት በኩብ ሴንቲሜትር 1.6 ግራም ገደማ ሲሆን አሉሚኒየም 2.7 ነው። ሁለቱ አንድ ላይ ሲሠሩ ግን ጥንቃቄ ያሻል። ካርቦን ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፤ እርጥበት ባለበት አሉሚኒየም በቀጥታ ከነካው አሉሚኒየሙ ይበላል። ለዚህ ነው በመሃላቸው የመስታወት ንጣፍ የሚገባው።

የክር አቅጣጫ ብቻውን ክንፍን ሊያጠማዝዝ ይችላል?

ይችላል፤ ለእኔ የዘርፉ ውብ ክፍልም ይኸው ነው። ንጣፎቹ ከክንፉ ርዝመት ጋር በሰያፍ ከተቀመጡ ክንፉ ወደ ላይ ሲታጠፍ አብሮ ይጠማዘዛል። ሞተር የለም፣ ገመድ የለም። የሚያጠማዝዘው ራሱ የአየሩ ግፊት ነው።

የታወቀው ምሳሌ ግሩማን የተባለው ኩባንያ የሠራው የሙከራ አውሮፕላን ኤክስ-29 ነው፤ በ1984 መጀመሪያ በረረ። ክንፎቹ ወደ ፊት ያጋደሉ ነበሩ። እንዲህ ያለ ክንፍ ክፉ ባህርይ አለው፦ ጫፉ ወደ ላይ ሲታጠፍ የፊት ጠርዙም ቀና ይላል፣ ስለዚህ ተጨማሪ ኃይል ያነሳዋል፣ የበለጠ ይታጠፋል፣ ፍጥነቱ ካለፈ ክንፉ እስኪገነጠል ድረስ ይቀጥላል። በብረት ይህን ለመከላከል ክንፉን እጅግ ማክበድ ያስፈልጋል። በኤክስ-29 ላይ የካርቦን ንጣፎቹ በሰያፍ ስለተነጠፉ ክንፉ ወደ ላይ ሲታጠፍ የፊት ጠርዙ ወደ ታች እንዲጠማዘዝ ሆነ። ክፉው ዑደት ተቆረጠ።

ይህ በፍላጎት የሚቀየር ቅርጽ አይደለም፤ በሸክም የሚቀየር ነው። ዘመናዊ የነፋስ ኃይል ማመንጫ ምላጮች ላይም ይኸው ዘዴ ይሠራበታል። በ2002 ደግሞ ናሳ አንድ ኤፍ-18 ክንፉን ሆን ብሎ ልስልስ አድርጎ፣ ትናንሽ የጠርዝ ቁርጥራጮችን ተጠቅሞ አየሩ ራሱ ክንፉን እንዲጠማዝዝ የማድረግ ሙከራ ጀመረ። ከራይት ወንድማማቾች ጋር ክርክሩ ያላለቀ ይመስላል።

ከሁሉ የከበደው ክፍል የትኛው ነው?

ሽፋኑ። ያለ ጥርጥር ሽፋኑ።

ከሽፋኑ የሚጠበቁት ነገሮች እርስ በርስ ይጣላሉ። አንቀሳቃሹ በትንሽ ጉልበት እንዲለጥጠው ልስልስ መሆን አለበት። አየሩ ሲመጠው እንዳያብጥ፣ ሲጫነው እንዳይጎደጉድ ደግሞ ግትር መሆን አለበት። ላዩ ለስላሳ ይሁን፣ ይቅለል፣ 10 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ከዜሮ በታች 50 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ በሆነ ብርድ አይድረቅ፣ ፀሐይና ነዳጅ አይብሉት። ሁሉንም በአንድ ጊዜ የሚያሟላ ቁስ እስካሁን የለም። ያሉት ዘዴዎች ሁሉ አንዱን ሰጥተው ሌላውን የሚነሱ ናቸው።

አንዱ ዘዴ ሙጫውን መቀየር ነው። ክሮቹ በኢፖክሲ ፋንታ በሲሊኮን ጎማ ውስጥ ይቀመጣሉ። ውጤቱ በክሩ መንገድ ግትር፣ ወደ ጎን ግን እንደ ጎማ የሚለጠጥ ቆዳ ነው። ሌላ ጥቅምም አለው። ተራ ጎማ በአንድ ወገን ሲለጠጥ በሌላው ወገን ይቀጥናል፤ ክንፍ ላይ ሲሆን ይህ መጨማደድና ተጨማሪ ኃይል ማለት ነው። ክሮቹ ያንን መቅጠን ይከለክሉታል። ሲሊኮን የሚመረጠው በብርድ ልስላሴውን ስለሚጠብቅ ነው።

ሌላው ዘዴ ቆርቆሮ ጣሪያ ዓይነት ሞገድ ያለው የኮምፖዚት ሰሌዳ ነው። ሞገዱን አቋርጦ ሲሳብ በቀላሉ ይከፈታል፤ በሞገዱ መንገድ ግን አይበገርም። ላዩ ሞገድ ስለሆነ ለአየር አይመችም፤ ስለዚህ ስስ ጎማ ይለበሳል። ከሥሩ የማር ወለላ ዓይነት መዋቅር አስገብቶ ጎማውን ከታች መደገፍም ይቻላል። የስዋንሲ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2012 ያወጡት ንድፍ ደግሞ ስሙን ከዓሣ አጥንት ወስዷል፦ መሃል ላይ ስስ ተጣጣፊ አከርካሪ፣ ከሱ የሚወጡ የጎን አጥንቶች፣ ከላይ ቀድሞ የተወጠረ የጎማ ቆዳ። ቆዳው አስቀድሞ ስለተወጠረ ጠርዙ ሲጎብጥ በተጨመቀው ወገን አይጨማደድም። ብልህ መፍትሔ ነው።

ማን ነው የሚያንቀሳቅሰው?

ብዙ ጊዜ የተለመደው ነገር ነው፦ የኤሌክትሪክ ሞተር ወይም ሃይድሮሊክ። ይህ አሰልቺ መልስ መሆኑ ይገባኛል፤ ነገር ግን ለትልልቅ አውሮፕላኖች ከዚህ የተሻለ የኃይልና የክብደት ሚዛን ማግኘት ቀላል አይደለም።

ትኩረት የሚስበው ቁሱ ራሱ ሲንቀሳቀስ ነው። ናሳ በ1996 የሠራው ማክሮ ፋይበር ኮምፖዚት አንዱ ነው። ኤሌክትሪክ ሲሰጠው ቅርጹን የሚለውጥ ስስ የሴራሚክ ክር በሙጫና ኤሌክትሪኩን በሚያደርሱ የኤሌክትሮድ ንጣፎች መካከል ይገባል። እንደ ስስ ልጣፍ ስለሆነ የክንፉ ገጽ ላይ ይለጠፋል። ፍጥነቱ የሚደነቅ ነው። እንቅስቃሴው ግን ትንሽ ነው፤ የሚለጠጠው ከ0.2 በመቶ ያነሰ ነው። እስከ 1500 ቮልትም ይፈልጋል። ለትናንሽ ድሮኖችና ንዝረትን ለማፈን ጥሩ ነው፣ ለትልቅ ፍላፕ ግን አይሆንም።

ሌላው ቅርጹን የሚያስታውስ የኒኬልና የቲታኒየም ቅይጥ ነው። ሲሞቅ ወደ ቀድሞ ቅርጹ በከፍተኛ ኃይል ይመለሳል። በ2005 ቦይንግ በአንድ 777 ሞተር የኋላ ከንፈር ላይ ያሉትን ጥርሶች በዚህ ቅይጥ እያንቀሳቀሰ የድምፅ ቅነሳ ሞክሯል። ችግሩ ለመቀዝቀዝ ጊዜ ይወስዳል። ስለዚህ በበረራ ወቅት ጥቂት ጊዜ ብቻ ለሚቀየር ቅርጽ ይስማማል፤ በየሰከንዱ ለሚደረግ ቁጥጥር ግን አይመጥንም።

ያለ ኃይል ሁለት ቅርጽ ይዞ የሚቆይ ኮምፖዚት አለ ይባላል። እውነት ነው?

እውነት ነው። ሁለት የካርቦን ንጣፎችን አንዱን በ0፣ ሌላውን በ90 ዲግሪ አድርጋችሁ ብታበስሉና ብታቀዘቅዙ ጠፍጣፋ አይሆንም። ምክንያቱም እያንዳንዱ ንጣፍ ሲቀዘቅዝ በክሩ መንገድ ከሞላ ጎደል አይኮማተርም፣ ወደ ጎን ግን በደንብ ይኮማተራል። ሁለቱ ስለተጣሉ ሰሌዳው ይጠቀለላል። ሃየር የተባለ ተመራማሪ በ1981 እንዳሳየው ስስ ከሆነ ወደ ኮርቻ ቅርጽ ሳይሆን ወደ ሲሊንደር ነው የሚጠቀለለው። ሲሊንደሩም ሁለት ነው፦ ገፋ ሲደረግ ቋ ብሎ ወደ ሌላኛው ይገለበጣል፣ እዚያም ይቆያል።

ለአውሮፕላን የሚማርከው ነገር ግልጽ ነው። አንቀሳቃሹ የሚሠራው ለመገልበጥ ብቻ ነው፤ ቅርጹን ይዞ ለመቆየት ኃይል አያስፈልግም። ግን እንቅፋቱም ብዙ ነው። መገልበጡ ድንገተኛ ነው፤ መካከለኛ ቅርጽ የለም። በቀላሉ እንዲገለበጥ ከተሠራ ኃይለኛ ነፋስም ሊገለብጠው ይችላል። በዚያ ላይ ሙጫው እርጥበት ሲጠጣ ስለሚያብጥ ጉብታው ይለወጣል። ከሌላ መዋቅር ጋር በጠርዙ ሲያያዝም ሁለተኛው ቅርጽ ሊጠፋ ይችላል። ላቦራቶሪ ውስጥ ያምራል፤ ክንፍ ላይ ግን ገና ብዙ ይቀረዋል ባይ ነኝ።

በእውነት የበረረ አለ?

አለ። ከሁሉ የሚጠቀሰው ናሳ፣ የአሜሪካ አየር ኃይል ምርምር ላቦራቶሪና ፍሌክስሲስ የተባለ ኩባንያ የሠሩት ነው። የአንድ ገልፍስትሪም 3 ጄት ፍላፖች ወጥተው ያለ ክፍተት በሚታጠፉ ተተኩ። ከኅዳር 2014 እስከ ሚያዝያ 2015 በተደረጉት በረራዎች ከ2 ዲግሪ ወደ ላይ እስከ 30 ዲግሪ ወደ ታች ተሞከረ። ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር ግን ፍላፖቹ አየር ላይ አልተንቀሳቀሱም። ለእያንዳንዱ በረራ መሬት ላይ አንድ ማዕዘን ይመረጥና ይቆለፋሉ። መረጃው እንዳይደበላለቅና ለደህንነትም ሲባል ነው። ሙከራው መዋቅሩ ሸክሙን እንደሚችል አረጋግጧል፤ በየቀኑ የሚንቀሳቀስ ፍላፕ ግን ሌላ ፈተና ነው።

አየር ላይ እያለ የተንቀሳቀሰውን ከፈለጋችሁ በ2006 የበረረውን የኔክስትጄን ኩባንያ ሰው አልባ አውሮፕላን እዩ። የጎማ ሽፋን ለብሶ የክንፉን ስፋት 40 በመቶ ገደማ ይቀይር ነበር። በ2019 ደግሞ የናሳና ኤምአይቲ የተባለው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከትናንሽ ተመሳሳይ የፕላስቲክ ኮምፖዚት ቁርጥራጮች የተገጣጠመ ከ4 ሜትር በላይ የሆነ ክንፍ በነፋስ ዋሻ ውስጥ ሞክረዋል። ጥግግቱ በኩብ ሜትር 5.6 ኪሎ ግራም ብቻ ነው። ኩብ ሜትር ነው ያልኩት፣ ስህተት አይደለም።

የቦይንግ 787 ክንፍ ወደ ላይ ሲታጠፍ በመስኮት ይታያል። 777ኤክስስ ጫፉን ያጥፋል። እነዚህ ቅርጽ ቀያሪ ናቸው?

የ787 ክንፍ በካርቦን ኮምፖዚት ስለተሠራ ቀጭንና ተጣጣፊ ነው። በ2010 በተደረገው የመሬት ሙከራ ጫፉ 7.6 ሜትር ገደማ ወደ ላይ ተስቧል። ይህ ግን ሸክም ያመጣው መታጠፍ ነው፤ በትእዛዝ የሚሆን አይደለም። 777ኤክስም ጫፉን የሚያጥፈው መሬት ላይ ብቻ ነው። ሲዘረጋ 71.75 ሜትር፣ ሲታጠፍ 64.85 ሜትር ይሆናል፤ ለ65 ሜትር በተሠራ የማቆሚያ ቦታ እንዲገባ።

ይልቅ ልብ የሚባለው ሌላ ነው። 787 እና ኤርባስ ኤ350 በጉዞ ላይ እያሉ የኋላ ጠርዛቸውን በጥቂቱ ከፍ ዝቅ እያደረጉ የክንፉን ጉብታ ያስተካክላሉ፤ በተራ ግትር ፍላፕ። ከቅርጽ ቀያሪ ክንፍ የሚጠበቀው ጥቅም የተወሰነው ክፍል በዚህ መንገድ ተወስዷል ማለት ነው። አዲሱ ቴክኖሎጂ የሚወዳደረው ከ1970ዎቹ ክንፍ ጋር ሳይሆን ከዚህ ጋር ነው።

ታዲያ ምን ያህል ነዳጅ ይቆጥባል?

አንድ ቁጥር የሚነግራችሁን ሰው ከምን ጋር አወዳድረህ ነው በሉት። ነባር ክንፍ ላይ ጠርዝ መቀየር አንድ ነገር ነው፤ ክንፉን ከመጀመሪያው ለዚህ አስቦ መሥራት ሌላ ነው። ሁለተኛው የበለጠ ይሰጣል፤ ምክንያቱም ድንገተኛ ነፋስ ሲመጣ ጠርዙ ሸክሙን ማቃለል ከቻለ ክንፉ በሙሉ ቀለል ተደርጎ ሊሠራ ይችላል። በስዕሉ ላይ የሚታየው ትርፍ ላይ ደግሞ የአንቀሳቃሹን፣ የሽቦውንና የቁጥጥር ሥርዓቱን ክብደት ቀንሱ። ብዙ ማራኪ ንድፍ እዚህች ስሌት ላይ ነው የሚሞተው። በአንድ የበረራ ሁኔታ ረጅም ሰዓት ለሚቆይ አውሮፕላን ትርፉ ያንሳል። አሁን ፈጥኖ፣ አሁን ቀስ ብሎ ለሚዞር ሰው አልባ አውሮፕላን ይበዛል።

ደጋግሞ ሲታጠፍ አይሰበርም?

በክሩ መንገድ ለሚመጣ ሸክም ኮምፖዚት ከመደጋገም የሚመጣን ድካም በደንብ ይችላል። ድክመቱ በንጣፎቹ መካከል ነው። እዚያ ክር የለም፤ ሙጫ ብቻ ነው ያለው። ጠርዝ፣ ቀዳዳና ውፍረት የሚቀየርበት ቦታ ላይ ንጣፎቹ መለያየት ሊጀምሩ ይችላሉ። ቅርጽ ቀያሪ መዋቅር ደግሞ በተፈጥሮው ልስልሱና ግትሩ የሚገናኙባቸው ቦታዎች ይበዙበታል። ሽግግሩ ቀስ በቀስ ካልሆነ ቁሱ ውስጥ ያለው ጫና እዚያ ይከማቻል። ጎማው ከኮምፖዚቱ ጋር የተጣበቀበት መስመርም ሌላው የታወቀ ስስ ቦታ ነው።

ልስልስ ክንፍ በፍጥነት ሲበር አይንዘፈዘፍም?

ፍላተር የሚባለው ይኸው ነው። የክንፉ መታጠፍና መጠማዘዝ ከአየሩ ጋር ይጣመሩና ንዝረቱ ራሱን እየመገበ ያድጋል፤ በሰከንዶች ውስጥ ክንፍ ሊገነጥል ይችላል። ዋናው መከላከያ የመጠማዘዝ ግትርነት ነው። የተዘጋ ሳጥን ለመጠማዘዝ እጅግ ያስቸግራል፤ ከኋላ ብትሰነጥቀው ግን ያ አቅሙ በአብዛኛው ይጠፋል። አንዳንድ ተጣጣፊ ጠርዞች ለመጎብጥ እንዲችሉ ይህን ስንጥቅ ይፈልጋሉ። ስለዚህ ዲዛይነሩ ስንጥቁ የሚሰጠውን ነፃነት ከሚያሳጣው ግትርነት ጋር መመዘን አለበት። በ45 ዲግሪ የሚነጠፉ ንጣፎች የመጠማዘዝ ግትርነትን ስለሚመልሱ ብዙ ጊዜ መውጫው እነሱ ናቸው።

አንድ ተጨማሪ ውስብስብነት አለ። ቅርጹ በተቀየረ ቁጥር የንዝረት ባህርዩም ይቀየራል። ስለዚህ አንድ ክንፍ ሳይሆን ብዙ ክንፍ እንደመፈተሽ ነው፤ በመካከል ያሉትን ቅርጾችና አንቀሳቃሹ ግማሽ መንገድ ላይ የተበላሸበትን ሁኔታ ጨምሮ።

መብረቅ፣ በረዶና ወፍስ?

ሦስቱም የፊት ጠርዝን ነው በይበልጥ የሚፈትኑት። ኮምፖዚት የአሉሚኒየምን ያህል ኤሌክትሪክ ስለማያስተላልፍ ለመብረቅ ስስ የመዳብ መረብ ገጹ ላይ ይጨመራል። ጠርዙ የሚታጠፍ ከሆነ ግን መረቡም በየበረራው አብሮ ይታጠፋል፣ ውሎ አድሮ ሊሰነጠቅ ይችላል። በረዶን ለማቅለጥ የሚገባው ማሞቂያም እንዲሁ። ወፍን በተመለከተ የትልልቅ አውሮፕላኖች ደንብ 1.8 ኪሎ ግራም ወፍ መትቶት አውሮፕላኑ በሰላም እንዲያርፍ ይጠይቃል። ለመታጠፍ የሚመች ስስ ሽፋንና ወፍ የሚችል ሽፋን ተቃራኒ ነገር ናቸው፤ አንዳንዴ ከሥሩ ተጨማሪ መከላከያ ይገባል፣ ክብደቱም ይመለሳል።

የመንገደኛ አውሮፕላን ላይ መቼ እናየዋለን?

ትንሽ ትንሽ እየገባ ነው የሚመጣው እንጂ በአንድ ቀን አይደለም። የኔ ግምት መጀመሪያ የኋላ ጠርዝ፣ ከዚያ ክፍተት የሌለው የሚጎብጥ የፊት ጠርዝ ነው። ለሁለተኛው ጀርመንና ሌሎች የአውሮፓ ተቋማት ብዙ ሠርተዋል። እንደ ወፍ ክንፉን ሙሉ በሙሉ የሚያጥፍና የሚዘረጋ ትልቅ አውሮፕላን ግን ቅርብ አይመስለኝም። ትናንሽ ሰው አልባ አውሮፕላኖች ይቀድማሉ፤ ሸክማቸው ትንሽ ነው፣ ሰው አይጭኑም፣ ደንባቸውም ይቀላል።

የፈቃድ ደንቡ ራሱ የተጻፈው ግትር ክንፍና በማጠፊያ የሚንቀሳቀሱ ቁርጥራጮችን አስቦ ነው። ፍላፕ ቢጣበቅ ምን እንደሚሆን የታወቀ ፈተና አለ። ሽፋኑ በመጎብጥ መሃል ቢቀደድስ? ለዚህ አምራቹ አዲስ ማስረጃ ማምጣትና ተቆጣጣሪውን ማሳመን አለበት፤ ያ ደግሞ ዓመታትና ገንዘብ ነው።

ቢጎዳ እንደ ማንኛውም ኮምፖዚት መጠገን ይቻላል?

የተለመደው ጥገና የተጎዳውን ቦታ በሰያፍ ፍቆ አዲስ ንጣፍ መለጠፍና ማብሰል ነው። ለግትር ክፍል ደህና ነው፤ መለጠፊያው ትንሽ ወፍራም ቢሆን እንኳ ብዙ አይጎዳም። ለሚታጠፍ ክፍል ግን ውፍረት ከግትርነት ጋር ያለውን የኩብ ዝምድና አስታውሱ። አንድ ተጨማሪ ንጣፍ እዚያች ቦታ ላይ ግትር ደሴት ይፈጥራል። ጠርዙ ሲጎብጥ ደሴቷ አትታጠፍም፤ ዙሪያዋ ያለው ክፍል የእሷን ድርሻ ይታጠፋል፣ ቀጣዩ ስንጥቅም የሚጀምረው ከመለጠፊያው ጠርዝ ነው።

ለዚህ ነው አንዳንድ ንድፎች የሚታጠፈውን ክፍል ተፈትቶ በሚቀየር ቁራጭ የሚሠሩት። ከውጭ የማይታይ ጉዳትን ማግኘትም የራሱ ጣጣ አለው። መሣሪያ ወድቆበት ላዩ ደህና የሚመስል ኮምፖዚት ውስጡ ተለያይቶ ሊሆን ይችላል። በአልትራሳውንድ ሲፈተሽ ደግሞ ጎማ ድምፁን ስለሚውጠው ከሥሩ ያለው ጉዳት ጥርት ብሎ አይታይም። ስለዚህ ሽፋኑን አንስቶ ከውስጥ በኩል ለማየት የሚያስችል መግቢያ ገና ከንድፉ ጀምሮ መታሰብ አለበት።